ውሃ የማይቋጥር፣ የማይደርቅ ላዛኛ፦ ለ8 ሰው እራት ደረጃ በደረጃ

ቤት ውስጥ የሚሠራ ላዛኛ በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንዳንዱ ሲቆረጥ ተንሸራቶ ይፈርስና ሳህኑ ላይ ቀይ ውሃ ይተኛል። ሌላው ላዩ አምሮ ሲበላ ግን ፓስታው መሃል ለመሃል ጥሬ ነው። ሁለቱም የሚመጡት ከእርጥበት ነው፦ ስጎው በደንብ መምጠጥ፣ ቤሻሜሉ (ከወተት፣ ከቅቤና ከዱቄት የሚሠራው ነጭ ስጎ) ቀጠን ማለት፣ ፓስታው ደግሞ ኦቭን ሲገባ ለመብሰል ጥቂት የቀረው መሆን አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ተቃራኒው ነው። ስጎው ለፓስታ እንደሚሠራው ቀጥኖ ይቀራል፣ ቤሻሜሉ እንደ ገንፎ ይወፍራል፣ ፓስታው እስኪላሽቅ ይቀቀላል።

ሙሉ ሥራው 3 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እራት ለምሽቱ 1 ሰዓት ከሆነ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሽንኩርት መክተፍ ጀምሩ። ከዚህ ውስጥ ድስት ላይ ቆማችሁ የምታማስሉት ከ1 ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

## ቀድሞ የሚዘጋጅ

ዕቃ፦

- 33 በ23 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ቢያንስ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፓይሬክስ ወይም የብረት መጋገሪያ። ጥልቀቱ ካነሰ ቤሻሜሉ ፈስሶ የኦቭኑ ወለል ላይ ያርራል።
- ለስጎ ሰፊና ወፍራም ድስት። ጠባብና ረጅም ድስት ውሃውን ቶሎ አያስመጥጥም።
- ለቤሻሜል ሌላ ወፍራም ድስት፣ የእንቁላል መምቻ፣ የእንጨት ማማሰያ
- ለፓስታ ትልቅ ድስት፣ ንጹሕ ፎጣ፣ ፎይል

ለስጎው፦

- የተፈጨ የበሬ ሥጋ 700 ግራም
- ቀይ ሽንኩርት 3 መካከለኛ፣ ደቅቆ የተከተፈ
- ካሮት 1 ትልቅ፣ የተፈቀፈቀ
- ነጭ ሽንኩርት 4 ፍንካች፣ የተከተፈ
- በደንብ የበሰለ ቲማቲም 1 ኪሎ
- የቲማቲም ድልህ 3 የሾርባ ማንኪያ
- ዘይት 4 የሾርባ ማንኪያ
- ጨው 1 የሻይ ማንኪያ ከግማሽ፣ ቁንዶ በርበሬ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
- ጦስኝ አንድ ቆንጠር፣ ትኩስ በሶብላ አንድ እፍኝ

ለቤሻሜሉ፦

- ወተት 1 ሊትር
- የገበታ ቅቤ 80 ግራም
- የፉርኖ ዱቄት 80 ግራም (ደልደል ተደርጎ የተለካ 10 የሾርባ ማንኪያ ገደማ)
- ጨው 1 የሻይ ማንኪያ፣ የተፈቀፈቀ ገውዝ አንድ ቆንጠር

ለድርድሩ፦

- የላዛኛ ፓስታ፣ 4 ድርብ የሚሞላ። ሳይቀቀል መጋገሪያው ላይ ደርድሩትና አንዱን ድርብ ስንት ቅጠል እንደሚሸፍነው ቁጠሩ፤ በ4 አባዙ፤ ለሚቀደደው 2 ጨምሩ።
- ሞዞሬላ ቺዝ 300 ግራም። ግማሹን በፕሮቮሎን ቺዝ ብትተኩት ጣዕሙ ጠንከር ይላል።

ስለ ግዢው ጥቂት ነገር። ሥጋ ቤት ስትሄዱ ታፋ ከጥቂት ጮማ ጋር አስመዝናችሁ አንዴ ብቻ አስፈጩ። ሁለት ጊዜ የተፈጨ ድስት ላይ እንደ ሊጥ ይያያዛል። ጮማ የበዛበት ደግሞ ዘይቱን በድርቦቹ መካከል ይለቅና ላዛኛው ይንሸራተታል።

ለቤሻሜል የተነጠረ ቅቤ አትጠቀሙ። ኮረሪማውና ኮሰረቱ ወተቱን ይቆጣጠሩታል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ብትጨምሩ የሚሸተው ወጥ ነው። የገበታ ቅቤ ከሌለ በ80 ሚሊ ሊትር ዘይት ሥሩት።

አይብ ሞዞሬላን አይተካም። በእሳት አይቀልጥም፤ ላዩ ላይ ብትበትኑት ደርቆ ነጭ ፍርፋሪ ሆኖ ይቀራል። አይብ ማስገባት የፈለገ ሰው 200 ግራም ያህሉን ውሃውን ጨምቆ፣ ከ1 እንቁላል ጋር መትቶ በመሃለኛው ድርብ ላይ ይቀባው። እዚያ ያምራል።

ሞዞሬላው ሲፈቀፈቅ እጅ ላይ ከተልፈሰፈሰ 15 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት።

## ደረጃ 1፦ ቲማቲሙን ላጡ፣ ፍሬውን አውጡ

1. የቲማቲሙን ቂጥ በቢላ መስቀለኛ ጫር አድርጉ። የፈላ ውሃ ውስጥ 1 ደቂቃ ነክራችሁ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ገልብጡ። ልጣጩ በጣት ይወጣል።
2. ለሁለት ክፈሉና ፍሬውን ከነውሃው ጨምቃችሁ አውጡ። ቀሪውን ደቅቆ እንዲወጣ ክተፉ።

ይህን ደረጃ መዝለል ይቻላል፤ ዋጋው ግን ድስት ላይ ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት ነው። የገበያ ቲማቲም፣ በተለይ በዝናቡ ወራት፣ አብዛኛው ውሃ ነው።

## ደረጃ 2፦ ሥጋውን ለብቻው ጥበሱ

1. በሰፊው ድስት 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት በደንብ አግሉ። የሥጋውን ግማሽ ብቻ ጨምሩ፣ ዘርጉት፣ ለ3 ደቂቃ አትንኩት።
2. ከዚያ በማማሰያ እየሰበራችሁ አገላብጡ። ሥጋው መጀመሪያ ውሃ ይተፋል፤ ድስቱም ይንተከተካል። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይለወጥና መንጣጣት ይጀምራል። ከዚህ በኋላ ያሉት 3 ወይም 4 ደቂቃዎች ናቸው ጣዕም የሚሰጡት፤ ሥጋው ከግራጫ ወደ ቡናማ ይሄዳል። እስከዚያ ጠብቁ።
3. አውጡት፣ ሁለተኛውን ግማሽ እንዲሁ አድርጉ።

ከተበላሸ፦ ሥጋው ከ8 ደቂቃ በኋላም በውሃው ውስጥ እየቀቀለ ከሆነ ድስቱ ጠቧል ወይም እሳቱ አንሷል። ውሃውን በጭልፋ ቀድታችሁ በሌላ ዕቃ አስቀምጡት፣ አትድፉት፤ ሥጋውን በኃይለኛ እሳት አስጨርሱ። ውሃው ከቲማቲሙ ጋር ተመልሶ ይገባል።

## ደረጃ 3፦ ስጎውን አብስሉ፣ አስመጥጡ

1. በዚያው ድስት ቀሪውን ዘይት፣ ሽንኩርቱንና ካሮቱን ጨምሩ። በመካከለኛ እሳት ከ10 እስከ 12 ደቂቃ አቁላሉ። እንደ ቀይ ወጥ እስኪጠቁር መሄድ አያስፈልግም፤ ሽንኩርቱ ለስልሶ ወርቃማ ሲሆን ይበቃል። የድስቱ ቂጥ ላይ የያዘውን የሥጋ ቅሪት የሽንኩርቱ እርጥበት ያላቅቀዋል፤ በማማሰያው አግዙት።
2. ነጭ ሽንኩርቱን ጨምራችሁ 1 ደቂቃ አማስሉ።
3. ድልሁን ጨምሩና 3 ደቂቃ አቁላሉት፤ ቀለሙ ጠቆር ብሎ ዘይቱ ወደ ዳር ሲወጣ ጥሬነቱ ለቋል። ድልህ ሳይቁላላ ቲማቲም ከተጨመረበት የቆርቆሮው ጣዕም እስከ መጨረሻው አብሮ ይቆያል።
4. ቲማቲሙን፣ ሥጋውን፣ ግማሽ ኩባያ ውሃ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ጦስኙን ጨምሩ። አንዴ ሲፈላ እሳቱን ዝቅ አድርጉ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ለ45 ደቂቃ ተዉት። በየ10 ደቂቃው ከሥር አማስሉ።
5. ክዳኑን አንሡና 15 ደቂቃ አስመጥጡ። በመጨረሻ በሶብላውን በእጅ ቀዳዳችሁ ጨምሩ።

መድረሱን ለማወቅ፦ ማማሰያውን በድስቱ ቂጥ ላይ ከአንድ ዳር ወደ ሌላው ጎትቱ። የተከፈተው መስመር 3 ሰከንድ ያህል ባዶውን ቆይቶ፣ ከግራና ከቀኝ ውሃ ሳይሆን ስጎው ራሱ ቀስ ብሎ ከዘጋው ደርሷል። መጀመሪያ የሚገባው ቀይ ውሃ ከሆነ ገና ነው። መጠኑ 6 ኩባያ ገደማ ይሆናል።

በዚህ ሰዓት ቅመሱት። ጨው ያነሰው መምሰል አለበት፤ ፓስታው በጨው ውሃ ይቀቀላል፣ ቺዙም ጨው አለው።

ከተበላሸ፦

- *አልመጥ አለ፦* እሳቱን ጨምሩና ሳታቋርጡ አማስሉ። ዱቄት በትናችሁ ለማወፈር አትሞክሩ፤ ስጎው ይጣበቃል፣ ጣዕሙም ይደበዝዛል። ጊዜ ካጠረ በማጥለያ አጥልሉት፤ የወረደውን ውሃ ለብቻው በመጥበሻ አፍልታችሁ ሩብ ኩባያ ሲቀር መልሱት።
- *ሥሩ ያዘ፦* አትፋቁት። ከላይ ያለውን ወደ ሌላ ድስት ገልብጡና ቅመሱ፤ ያረረው ካልተነካ ሽታው አይከተልም።
- *ኮመጠጠ፦* ሩብ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ከዚያ መቅመስ። ከግማሽ የሻይ ማንኪያ አትለፉ።
- *ዘይት ተንሳፈፈ፦* ድስቱን አዘንብሉና በማንኪያ ቅዱት። ላዛኛ ውስጥ ትርፍ ዘይት ጌጥ አይደለም።

በርበሬ ይግባ አይግባ የቤቱ ጉዳይ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ከሽንኩርቱ ጋር ተቁላልቶ ቢገባ ጥሩ ሙቀት ይሰጣል። ከዚያ በላይ ከሆነ ቤሻሜሉ ምን ሊሠራ እንደገባ አይታወቅም። ቃሪያውን በሳህን አጠገብ አቅርቡት፣ የፈለገ ይገምጥ።

## ደረጃ 4፦ ቤሻሜሉ

ስጎው ሲመጥ ይህን ጀምሩ። ወተቱ ከላም ባለቤት የተገዛ ከሆነ ቀድሞ መፍላት አለበት። የታሸገውም ቢሆን ከቆየ 2 የሾርባ ማንኪያ ያህል በትንሽ ዕቃ አፍልታችሁ እዩ፤ ከተቆራረጠ ሊትሩን ሙሉ አታባክኑ።

1. ወተቱን ለብ አድርጉ።
2. ቅቤውን በዝቅተኛ እሳት አቅልጡ። ዱቄቱን በአንዴ ጨምራችሁ በመምቻ 2 ደቂቃ አማስሉ። አረፋ ማውጣትና የበሰለ ዱቄት መሽተት አለበት፤ ቀለሙ ግን አይጠቁር።
3. ድስቱን ከእሳት አንሡ። አንድ ጭልፋ ወተት ጨምሩና ልስልስ እስኪል ምቱ። ድብልቁ መጀመሪያ ድቡልቡል ይሆናል፤ አትደንግጡ። ሁለተኛ ጭልፋ፣ እንደገና ምቱ። ሦስተኛም እንዲሁ። ከዚያ ቀሪውን ቀስ እያላችሁ አፍስሱ።
4. ወደ እሳት መልሱ። በመካከለኛ እሳት፣ የድስቱን ማዕዘን ሳትረሱ፣ እስኪፈላ አማስሉ። ከፈላ በኋላ በዝቅተኛ እሳት 5 ደቂቃ ይብሰል። ሳይፈላ የወረደ ቤሻሜል ዱቄት ዱቄት ይላል።
5. ጨውና ገውዙን ጨምሩ።

መድረሱን ለማወቅ፦ የማንኪያውን ጀርባ ይሸፍናል፤ በጣት ስትሰነጥቁት መስመሩ ይቆያል። ከጭልፋ ሲፈስ ግን ሳይቆራረጥ ይወርዳል። እየቆራረጠ ዱብ ዱብ ካለ ወፍሯል፤ ትኩስ ወተት በሩብ ኩባያ እየጨመራችሁ አቅጥኑት። ፓስታው ኦቭን ውስጥ የሚጠጣው ከዚህ ነው።

ከተበላሸ፦

- *ጓጎለ፦* ከእሳት አውርዳችሁ በኃይል ምቱ። ካልተፈታ በወንፊት አጥልሉት። ብሌንደር ያለው 20 ሰከንድ ያዙረው።
- *ቀጠነ፦* 5 ደቂቃ ጨምሩለት፤ ብዙውን ጊዜ ያልፈላ ነው። ፈልቶም ከቀጠነ 1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ከእኩል ቅቤ ጋር አሽታችሁ፣ በጥቂቱ እየጣላችሁ ምቱት። ደረቅ ዱቄት በፍጹም አትበትኑ።
- *ሥሩ አረረ፦* እንደ ስጎው፣ ሳትፋቁ ገልብጡ።
- *ላዩ ቆዳ ያዘ፦* ገና ትኩስ ሳለ ትንሽ ቅቤ ላዩ ላይ ብታሹበት አይዝም። ከያዘ አንሥታችሁ ጣሉት።

## ደረጃ 5፦ ፓስታውን አጋምሳችሁ ቀቅሉ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፓኬቱ ላይ «8 ደቂቃ» የሚለው ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ጎንደር ላይ ያንን ሰዓት ቆጥሮ የሚያወጣ ሰው ያወጣው ጥሬውን ነው። ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያላችሁ ፓኬቱን እመኑት፤ ለላዛኛ ግን 2 ደቂቃ ቀንሱለት።

1. 4 ሊትር ውሃ አፍሉ፤ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩ።
2. ቅጠሎቹን አንድ በአንድ፣ በተለያየ አቅጣጫ ጣሉ። በአንድ ጊዜ ከ5 አይበልጡ። የመጀመሪያውን 1 ደቂቃ በእርጋታ አነቃንቁ፤ የሚጣበቁት ያኔ ነው።
3. በደጋ ከተማ በፓኬቱ ሰዓት ላይ አንዱን አውጥታችሁ ቁረጡና ጠርዙን እዩ። መሃሉ ላይ ክር የሚያህል ነጭ መስመር ካለ አውጡት። ነጩ ከወፈረ በየ1 ደቂቃው እያያችሁ ጠብቁ። ነጩ ፈጽሞ ከጠፋ አልፏል።
4. ወደ ቀዝቃዛ ውሃ አስገቡ፣ ከ1 ደቂቃ በኋላ አውጥታችሁ ፎጣ ላይ ለየብቻ ዘርጉ። ፎጣው ላይ ያለው ውሃ ሁሉ ካልተነሣ የሚያልፈው ወደ ላዛኛው ነው።

ውሃው ላይ ዘይት መጨመር መጣበቁን አይከለክልም፤ ይልቅ ስጎው ፓስታውን እንዳይዝ ያደርገዋል። ከተጣበቁ በኃይል አትላቀቁ፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ መልሳችሁ ጥቂት ጠብቁ። የተቀደደውን አትጣሉ፣ ለመሃለኛ ድርብ ይሆናል።

«ሳይቀቀል ይሠራል» የሚለውን ዓይነት የገዛችሁ ደጋ ላይ ከሆናችሁ በጣም ሙቅ ውሃ ውስጥ 4 ደቂቃ ዘፍዝፉት። እርጥብ ነገር ውስጥ ያለ ፓስታ ኦቭን ቢገባም ሙቀቱ ከውሃው መፍያ ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ ፓኬቱ በሚለው ጊዜ አይላምም።

## ደረጃ 6፦ ድርደራው

ኦቭኑን አሁን በ190 ዲግሪ ለኩሱ (በፋራናይት ለሚሠራ 375)። ቢያንስ 15 ደቂቃ ይጋል። ስጎውና ቤሻሜሉ ለብ ያሉ ይሁኑ፤ ከፍሪጅ የወጣ ስጎ መሃሉን ቀዝቃዛ ያደርገዋል።

1. መጋገሪያውን ቅቤ ቀቡ። ሥሩ ላይ 4 የሾርባ ማንኪያ ቤሻሜልና 2 የሾርባ ማንኪያ ስጎ በስሱ አዳርሱ። ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያው ፓስታ ይይዛል።
2. አንደኛ ድርብ ፓስታ። ጠርዛቸው በጣት ውፍረት ይደራረብ፤ ግድግዳው ላይ ግን አይውጡ፣ የወጣው ደርቆ ጥርስ ይሰብራል።
3. የስጎው ሲሶ፣ የቤሻሜሉ ሩብ፣ ከቺዙ አንድ እፍኝ (50 ግራም)። ስጎውን እስከ አራቱም ማዕዘን አድርሱ። መሃል ላይ መቆለል የተለመደ ስሕተት ነው፤ ዳር የተቀመጠ ሰው ፓስታ ብቻ ይደርሰዋል።
4. ሁለተኛ ድርብ። ፓስታውን ከታችኛው በተቃራኒ አግድም አስቀምጡ፤ ሲቆረጥ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ቅጠሉ በአግድም ካልገጠመ ልኩን ቁረጡት። ስጎ፣ ቤሻሜል፣ ቺዝ።
5. ሦስተኛ ድርብ፣ እንዲሁ።
6. አራተኛው ፓስታ ብቻ ነው። በመዳፍ በስሱ ጫን በሉት፣ አየሩ ይውጣ። የተረፈውን ቤሻሜል ሁሉ አፍስሱና ፓስታው ምንም ቦታ እንዳይታይ አድርጉ፤ በተለይ ዳር ዳሩን። ያልተሸፈነ ፓስታ ቆርቆሮ ይሆናል።
7. ቀሪውን 150 ግራም ቺዝ በትኑ።

ለነገ የምታዘጋጁ ከሆነ እዚህ ላይ ሸፍናችሁ ፍሪጅ አስገቡት። ፓይሬክስ ከሆነ ግን ነገ ከፍሪጅ አውጥታችሁ ወዲያው ጋለ ኦቭን ውስጥ አታስገቡ፣ ይሰነጠቃል። 1 ሰዓት ውጪ ይቆይ፣ መጋገሪያው ጊዜም 15 ደቂቃ ይጨመር።

## ደረጃ 7፦ መጋገር

1. ፎይሉን ውስጡን ዘይት ቀቡትና ቺዙን ሳይነካ ከፍ አድርጋችሁ ክደኑ። ዳሩን ጥብቅ አድርጉ።
2. ከኦቭኑ መሃል ዝቅ ባለው መደርደሪያ ላይ ለ30 ደቂቃ። ከሥሩ ሌላ ትሪ አስቀምጡ፣ የሚንጠባጠበውን ይቀበላል።
3. ፎይሉን አንሡ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ዳሩ እስኪንተከተክና ላዩ ቦታ ቦታው ላይ ቡናማ እስኪል።
4. ቀጭን ቢላ መሃል ላይ እስከ ታች ውጉና 10 ሰከንድ ያዙ። ሲወጣ ጫፉ ለጣት የሚያቃጥል መሆን አለበት። ለብ ካለ ፎይሉን መልሱና 10 ደቂቃ።

የጠረጴዛ ኦቭን ላይ የላይኛው እሳት ለሳህኑ በጣም ቅርብ ነው። ሲቻል ከሥር ያለውን ብቻ አብሩ፤ የላዩን የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች ብቻ፣ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ።

መብራት ቢጠፋ፦ የኦቭኑን በር አትክፈቱ። ውስጡ ያለው ሁሉ ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ የቀረው ፓስታው መጠጣቱና ቺዙ መቅለጡ ነው፤ የያዘው ሙቀት ብዙውን ይሠራል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከመጣ ከቆመበት ቀጥሉና 15 ደቂቃ ጨምሩ። ካልመጣ፣ መጋገሪያው ብረት ከሆነ በጥብቅ ከድናችሁ በጣም ዝቅተኛ ጋዝ ወይም የነደደ ከሰል ላይ ከወፍራም ምጣድ በላይ አስቀምጡት። ፓይሬክስ ከሆነ በቀጥታ እሳት ላይ በፍጹም አይወጣም፤ ይፈነዳል። ቆራርጣችሁ ወደ መጥበሻ አዛውሩት፣ መልኩ ይሄዳል እንጂ ጣዕሙ የትም አይሄድም። ለብ ባለ ኦቭን ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ሥጋና ወተት ግን ለልጅ አይሰጥም፣ ለማንም አይሰጥም።

## ደረጃ 8፦ ሳትነኩት 20 ደቂቃ

ትኩሱን የቆረጠ ሰው ሰባቱን ደረጃ በትክክል ቢሠራም ላዛኛው ይፈርስበታል። ቤሻሜሉ ሲግል ይቀጥናል፣ ሲበርድ ይጨብጣል። 20 ደቂቃ ያለ ክዳን ይቀመጥ፤ ከተከደነ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ይመለስበታል። ከ20 ደቂቃ በኋላም መሃሉ አፍ ያቃጥላል፣ ስለዚህ «ይበርዳል» ለሚሉ ቤተሰቦች አትንበርከኩ። ሰላጣውን በዚህ ጊዜ ሥሩ።

ጥርስ ያለውን ቢላ እንደ መጋዝ እያመላለሳችሁ ቁረጡ፤ መጫን ድርቦቹን ያፈናቅላል። በ8 ክፈሉት። የመጀመሪያው ቁራጭ ሁልጊዜ ይፈርሳል፣ ለራሳችሁ አድርጉት።

## ተቆርጦ ሲታይ ምን ሆነ?

*ሳህኑ ላይ ውሃ ተኛ።* ስጎው አልመጠጠም፣ ወይም ፓስታው ከነውሃው ገብቷል። ለዛሬ፦ መጋገሪያውን አዘንብላችሁ ውሃውን በማንኪያ ቅዱ፣ ሳይሸፈን 10 ደቂቃ ኦቭን ውስጥ መልሱ፣ እንደገና አሳርፉ።

*ፓስታው ጥሬ ነው።* በቁርጡ ቀዳዳ ግማሽ ኩባያ ትኩስ ወተት አዳርሳችሁ አፍስሱ፣ በፎይል በጥብቅ ክደኑ፣ 180 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ።

*ላዩ አረረ፣ ውስጡ ቀዘቀዘ።* የተቃጠለውን ቺዝ በቢላ ገፋችሁ አንሡ፣ ፎይል አልብሱ፣ እሳቱን ወደ 170 ዝቅ አድርጉ። የቀረ ቺዝ ካለ በመጨረሻ በትኑበት።

*ድርቦቹ ይንሸራተታሉ።* ውሃ ካልሆነ ዘይት ነው፤ ሥጋው ጮማ በዝቶበታል። ነገ ከፍሪጅ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል።

## ለጾም

ረቡዕና ዓርብም ሆነ በዐቢይ ጾም ይሠራል። በድርቦቹ መካከል ቺዝ አይገባም፣ መጋገሪያውም በቅቤ ፋንታ ዘይት ይቀባል እንጂ ድርደራው ያው ነው፤ የሚለወጡት እነዚህ ናቸው፦

- በሥጋው ፋንታ 300 ግራም ድፍን ምስር ተቀቅሎ፣ ውሃው ተጠንፍፎ። ምስር ቆይቶም ውሃ ስለሚጠጣ ስጎውን ከላይኛው ልክ ትንሽ ለቀቅ አድርጋችሁ አውርዱት።
- 300 ግራም እንጉዳይ፣ ውሃው አልቆ እስኪንጣጣ በኃይለኛ እሳት የተጠበሰ።
- ሁለት እስር ቆስጣ፣ ተቀቅሎ በሁለት እጅ እስኪደርቅ የተጨመቀ። ጨምቃችሁ ስትጨርሱ እንደገና አንዴ ጭመቁት፤ ውሃ የሚያስቋጥረው እርሱ ነው።
- ቤሻሜሉ በ80 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ በ80 ግራም ዱቄትና በ1 ሊትር ስኳር በሌለው የአጃ ወይም የአኩሪ አተር ወተት። ጣፋጩን ዓይነት የገዛ ሰው እራቱን ኬክ ያደርገዋል።
- ላዩ ላይ በቺዝ ፋንታ የደቀቀ ደረቅ ዳቦ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ታሽቶ።

የፓስታውን ፓኬት አንብቡ፤ አንዳንዱ እንቁላል አለው።

## ኦቭን ለሌለው

ወፍራም፣ ሰፊና ክዳኑ የሚገጥም መጥበሻ ወይም ድስት ይበቃል። መጠኑን ሁሉ በግማሽ ቀንሱ፣ ፓስታውን በዕቃው ቅርጽ ቆርጣችሁ ደርድሩ፤ ሥሩ ላይ የሚገባውን ቤሻሜል ግን በእጥፍ አድርጉ። ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ግጠሙ፣ ጨርቁ ጠብታውን ይጠጣል፤ ጫፎቹን ወደ ላይ ቋጥሩ፣ እሳት እንዳይዛቸው። ከሥሩ ምጣድ አድርጋችሁ በመጨረሻው ዝቅተኛ እሳት ከ35 እስከ 40 ደቂቃ። ቡናማ አይሆንም፤ ቺዙ ግን ይቀልጣል፣ ፓስታውም ይላማል።

## የተረፈው

በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ 3 ቀን ይቆያል። ፍሪዘር የምታስገቡ በርዶ ከተቆረጠ በኋላ እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ ጠቅልሉ፣ 2 ወር ይሄዳል። ለማሞቅ በቁራጭ 1 የሾርባ ማንኪያ ወተት ጣል አድርጋችሁ፣ በፎይል ከድናችሁ 170 ዲግሪ ላይ 25 ደቂቃ። ለልጆች ምሳ ዕቃ የሚሄደውን ጠዋት እስኪፋጅ አሙቁትና ሙቀት በሚይዝ ዕቃ ቋጥሩ፤ ለብ ብሎ ከተቋጠረ እስከ ምሳ ሰዓት ይበላሻል።